የምትፈታው ባጃጅ

ፋብሪካው በማኅበሩ ስም የተገዙትን ዓይነት ባጃጆች መሥራት ካቆመ ወዲህ ቆቦ ውስጥ መለዋወጫቸው ጠፍቶ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከማሉዲን አባላቱን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ፣ "አንዷ ተፈትታ ለሌሎቹ ካልሆነች ሁላችንም መቆማችን ነው። የዘሊካ ትፈታ የምትሉ እጅ አውጡ" አለ።

ዘሊካ ሮቢት ሰው አድርሳ መመለሷ ነበር፤ ከመቀመጫዋ እንኳ አልወረደችም። "ኧረ ቀለሟ ነው እንጂ የለቀቀው፣ ሞተሯ እኮ ደህና ነው!" አለች።

"እሱን ብለን ነው የመረጥናት" አላት ከማሉዲን፣ ዓይኗን ሳያይ።

"ደግሞ ሴት ናት፤ ጎብዬ ገበያ ወጥታ ብትቸረችር አያንሳትም" አለ አንዱ ከኋላ።

እጆች ተራ በተራ ወጡ። ዘሊካ በሰዉ መሀል ታናሽ ወንድሟን ሙዓዊያን ፈለገችው። የሱ ባጃጅ ከተበላሸች ሰንብታለች። በሩ አጠገብ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል፤ አላወጣም። "አልሐምዱሊላህ" አለች በልቧ። ቢያንስ አንድ ሰው አላት።

ቆጠራው ሲያልቅ ሙዓዊያ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ከተወሰነ፣ ሞተሩ ለኔ ይሁን" አለ።

ዘሊካ ከባጃጇ ወረደች።

"ና፣ የእናቴ ልጅ" አለችው። "አንተው በእጅህ ፍታት።"