አምፖሉን የሸሹ ጫጩቶች

እናቷ በሞተች በሁለተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ክፍል አጥባ ሠላሳ የአንድ ቀን ጫጩቶች አስገባችበት። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ነሰነሰች፤ ከመሃል የማሞቂያ አምፖል አንጠለጠለች።

«ለጫጩት ሲሆን ማሞቂያው ከየት ተገኘ?» አላት ባሏ በሩ ላይ ቆሞ። «እናትሽ በረደኝ ብለው ሲለምኑሽ ‹አሮጊት መቼ ይሞቃታል› አልነበር ያልሽው?»

«አርፈህ ሥራህ ሂድ!» አለችው። ነገሩ ግን እንደ እሾህ ተሰካባት።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልትቀይርላቸው ስትገባ አምፖሉ ሥር አንድም ጫጩት የለም። ሁሉም የእናቷ አልጋ የነበረበት ጥግ ተፋፍገው ተኝተዋል። ሙቀቱ በዝቶባቸው ይሆናል ብላ አምፖሉን ከፍ አደረገችውና በሁለት እጇ እያፈሰች መለሰቻቸው። ገና ከማስቀመጧ እየተንጫጩ ወደ ጥጉ ሮጡ። ሦስቴ መለሰቻቸው፤ ሦስቴም ጥለዋት ሄዱ።

«እናንተም አኮረፋችሁኝ?» አለች በምሬት።

ተንበርክካ ሰጋቱራውን ገለጥ አደረገችና መዳፏን በመካከላቸው ወለሉ ላይ አሳረፈች። ሲሚንቶው ሰው አሁን እንደተነሳበት ፍራሽ ይሞቃል። ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ግድግዳው ሥር ያለችው ጫጩት ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ላባዋም ሰው እንደዳበሳት ሁሉ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ለጥ አለ። ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው፣ ከዚያም ቀጣይዋ። ድበሳው በዝግታ፣ አንዷንም ሳይዘል፣ የልብስ ሰፊዋ እጅ ወዳረፈበት እየቀረበ መጣ።