ባሕር አትሻገሪም

ቤርሳቤህ ዱጉማ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ጉለሌ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ ሴቶች አንደኛ ነበረች። ይህን ጠላትም አይክድም። ቁመቱን ከአባቷ አግኝታዋለች፤ ኳሱን ያስተማራት ግን ኮች አክሊል ነው።

ሁለት ኮሌጆች ፈለጓት። አንዱ አሜሪካ ያለ ሲሆን ስትጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ ሙሉ ስኮላርሺፕ እሰጣለሁ አለ። ሌላው እዚሁ አዲስ አበባ ያለ የግል ኮሌጅ ነው፤ አክሊል በቅርቡ የሴቶች ቡድኑን እንዲያሰለጥን ተቀጥሮበታል። ቤርሳቤህ አሜሪካን መረጠች። በልቧማ ከሄደች ሰንብታለች።

ጠቡ የጀመረው አሜሪካዊቷ አሰልጣኝ በቪዲዮ የደወለች ዕለት ነው። ሳሎን ውስጥ ልጅቷ፣ አባቷ ዱጉማ፣ እናቷ ኢየሩ እና እንግሊዝኛውን እንዲያስተረጉም የተጠራው አክሊል ነበሩ። ሴትዮዋ ስልኳን አዙራ የኮሌጁን ሰማያዊ ሜዳ አሳየቻቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ስልኩ እንደተዘጋ አክሊል የልቡን ተናገረ።

"ጋሽ ዱጉማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እዚያ ጉልበቷን አንድ ቀን ካመማት ቤንች ላይ ረስተዋት ነው የሚቀሩት። እኔ ጋ ብትሆን ብሔራዊ ቡድን ትገባለች።"

"የማንን ጉልበት ነው የሚያመው?" ዱጉማ ብድግ አለ። "ሟርተኛ! በልጄ ስም ልትታወቅባት ነው እንጂ ለእሷ አስበህ ነው? ልጄ አሜሪካ ትሄዳለች፤ አለቀ!"

ዱጉማ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከሸጎሌ ጳውሎስ ሲመላለስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይወርድም። "አንድ ልጄ አሜሪካ ልትሄድ ነው። አንድ ምቀኛ ብቻ አላስኬድ ብሎናል።" ሰፈሩ ምቀኛ ሲባል ደስ ይለዋል፤ አክሊልን ለመጥላት ጊዜ አልፈጀበትም። ሰላምታ የሚነሱት በዙ፤ ልጆቻቸውን እሱ ከሚያሰለጥነው የሰፈሩ ቡድን ያስወጡም ነበሩ። የፓስፖርት ቀጠሮዋ ቀን የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ አባትና ልጅ ጎሚስታ ቤት ሲውሉ እንኳ ዱጉማ "የዚያ ሰውዬ ዓይን ነው" አለ። ሰውም አመነው።

ኢየሩ ግን "በጸሎት ይሁን" አለች። ጴንጤዎች ናቸው፤ በዚያ ቤት ትልቅ ነገር ያለ ጸሎት አይወሰንም። ቸርቻቸውም በዚያው ሰሞን ነቢይት አበራሽ የምትባል አገልጋይ ከነቀምቴ ጋብዞ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከመናኸሪያ የሚቀበለው ዘወትር ዱጉማ ስለሆነ እሷንም በሚኒባሱ ያመጣት እሱ ነው።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ነቢይቷ ስብከቷን አቋርጣ ጣቷን ወደ ኋላ መቀመጫ ቀሰረች።

"አንቺ ረጅሟ! ከሰማያዊ ሜዳ ላይ ሆነው በስልክ የጠሩሽ አሉ። ጌታ ግን እንዲህ ይላል፦ ባሕር አትሻገሪም! በተወለድሽበት አከብርሻለሁ!"

ጉባኤው "አሜን!" አለ። ኢየሩ ተንበረከከች። ቤርሳቤህ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ዱጉማ ግን ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ።

እናትና ልጅ ከኋላው ሮጠው አክሊል የሚያሰለጥንበት የሰፈሩ ሜዳ ላይ ሲደርሱ የአክሊልን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል።

"ስለ ሰማያዊው ሜዳ ማን ነገራት? ያን ቀን ከቤተሰቤ ሌላ የነበርከው አንተ ነህ!"

"ኧረ ጋሽ ዱጉማ፣ እኔ የማርያም ልጅ ነኝ። ቸርቻችሁ በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ።"

"የበግ ለምድ የለበስክ ተኩላ!"

አክሊል ወደ ልጅቷ ዞረ። "አንቺም ታምኚዋለሽ? ኳስ እንኳ መያዝ ሳትችዪ ጀምሬ ያሳደግኩሽ ልጅ?"

"አሳደግከኝና ሸጥከኝ" አለች ቤርሳቤህ።

ያን ቀን ቤት ውስጥ ክርክር ሆነ።

"ሰው ነግሯት ከሆነ ትንቢቱ ውሸት ነው፤ እሄዳለሁ" አለች ቤርሳቤህ።

ኢየሩ ፊቷ ገረጣ። "ማንም ይንገራት፣ ቃሉ ከመድረክ ወጥቷል። ረግጠሽው ሄደሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ? እኔ አልችልም ልጄ፤ አልችልም።"

ቤርሳቤህ አባቷን አየችው። ሜዳው ላይ ያ ሁሉ ቁጣ የነበረው ሰው አቀረቀረ።

"እንግዲህ እናትሽ ካለች..." አለ።

ቤርሳቤህ ፈራች። እግዚአብሔርን መፈታተን ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊቷ ስትደውል አልመጣም አለቻት። አክሊል የኮሌጁን ጥሪ ይዞ ደጃቸው ሲመጣ በሩን አልከፈተችለትም። በመስከረም ከቤት በእግር የሚያስኬድ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሌለው ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ተመዘገበች። የኳስ ጫማዎቿን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። አክሊል ጥፋቱን ሳያውቅ ሰፈሩን ለቆ ሄደ፤ ማንም አልሸኘውም።

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ጨርሳ ስትመለስ ዱጉማ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"አባ፣ ለእኔ ብሎ የተጣላ አንተ ብቻ ነህ። ይህን መቼም አልረሳልህም።"

ዱጉማ ግንባሯን ስሞ ወደ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ስልክ ደወለ።

"ነቢይት፣ ተባረኪ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልክ እንደነገርኩሽ ነው የተናገርሽው። ልጄ ቀረችልኝ።"