ፖሙ እስኪበስል

ሐኪሟ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች። ሐሙስ ደረሰ፤ ልብስ ሰፊዋም ከሦስት ሰዓት ጀምራ ወጥ ቤት ቆማ ፖምና ኮክ ትልጣለች። ቢላዋው ደነዝ ነው። ስለታሙን እማዬ ደብቃዋለች፤ መቀሱንም እንዲሁ። የት እንዳኖረቻቸው የሚያውቁት እሷና ፈጣሪ ናቸው።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዷ «እማዬ» ብላ ስትጣራ ሌላዋ «ወዬ እማዬ» ትላለች፤ ጥሪውም መልሱም አንድ ነው። ጎረቤት ይስቅባቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን ከሳቀች ሰንብታለች። መስፋቱንም ትታዋለች፤ እማዬን ልጠብቅ ብዬ ነው ትላለች። መጠበቅ ደግሞ ከመስፋት ይልቅ ያደክማል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር የጋዝ ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ ቤቱ ሊጋይ ነበር። «እኔ ነኝ» ያለ የለም። ማን እንደረሳው ግን ልብስ ሰፊዋ ለአፍታም አልተጠራጠረችም። ከዚያ ወዲህ ጋዙ ወጥቶ በቦታው ቀስ እያለ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ገባ። ግድግዳውም ወረቀት በወረቀት ሆነ፦ «ውሃውን ዝጊ»፣ «የጠዋቱ ኪኒን ተውጧል»፣ «ብቻሽን አትውጪ»። ዛሬ ሐኪሟ መጥታ አይታ፣ ቤት መቆየት ይሁን መጦሪያ መግባት፣ አንዱ ይቆረጣል።

«ቤቱ ጥሩ ጥሩ ከሸተታት ትራራ ይሆናል» አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ።

ፖሙንና ኮኩን ቆራርጣ ድስቱ ውስጥ ከተተች። ስኳር ነሰነሰችበት፤ ቀረፋ፤ ጉርሻ የምታህል ቅቤ። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ብልቃጦች አንዱን ከፍታ ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ ቆጥራ ጣለችበት። ክዳኑን ከድና ሶኬቱን ሰካችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ወገቧ ለሁለት የተከፈለ መስሏታል።

እማዬ መጣችና ክዳኑን ከፈተችው።

«ኧረ አትክፈቺው! ሙቀቱ ይወጣል።»

«አሁን እከድነዋለሁ።»

እማዬ ማንኪያ ይዛ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። ከፍሬው መሐል ጥቋቁር አዝራሮች አንድ በአንድ እየለቀመች መሐረቧ ላይ አኖረች። ስድስት ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ ቆሽቷ አረረ። «ጉድ ሠራሽኝ! ሐኪም በሚመጣበት ቀን? አዝራር ይበላል እንዴ?»

እማዬ አልተከራከረችም። «ይቅር በይኝ እማዬ» ብቻ ብላ መሐረቡን ቋጠረች። እንዲህ ስትል ደግሞ አንጀት ትበላለች፤ ልብስ ሰፊዋም በመጮኋ ተጸጸተች።

ምን ታድርግ? እማዬ በየጠዋቱ ቦርሳ አንግታ «ሥራ ረፈደብኝ» ትላለች። በር ትቆልፍና ቁልፉን ጡቷ ሥር ትወሽቃለች። ዛሬ እንኳ ድስቱ ከተሰካ ወዲህ ሶኬቱን አራት ጊዜ ነካክታዋለች። ልብስ ሰፊዋ ይሄን ሁሉ ቀን ቀን ለጨዋታ ለምትመጣው ጎረቤት ትነግራታለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እቴ! ሰው ሁሉ ያወቀውን እሷ ብቻ አላወቀችም» ስትላት ጎረቤቷ ወሬ ትለውጣለች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የቀረፋው ሽታ እስከ ደረጃው ወረደ። እማዬ ልብስ ሰፊዋን አስነሥታ የቀሚሷን ቁልፎች ፈታ እንደገና ቆለፈችላት፤ አንዱ ተዛንፎ ነበር። ፀጉሯንም በመዳፏ አስተኛችላት። ልብስ ሰፊዋ እንደ ሕፃን ዝም ብላ ቆመች። እናት መቼም እናት ናት፤ ምን ቢጠፋት ይህ አይጠፋትም አለች በሆዷ።

ሐኪሟ በሰዓቷ መጣች። ወጣት ናት፤ እሷም ደክሟታል። ጣፋጩ በሦስት ሳህን ቀረበ፤ ትኩስ ነው፤ ፖሙ በማንኪያ ጫፍ ይፈርሳል።

«ይጣፍጣል። ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሷን እሳት አላስጠጋትም።»

ሐኪሟ ጥያቄዋን ጀመረች። ቀኑ ምንድን ነው? ወሩስ? ስትጠይቅ የምታየው ልብስ ሰፊዋን ነው። ሰው አመሉ ነው፤ ሕመምተኛው አጠገቡ ተቀምጦ ጤነኛውን ያናግራል። ልብስ ሰፊዋም እማዬ እንዳትሳቀቅ ቶሎ ቶሎ መለሰችላት። «ማክሰኞ ነዋ! ይሄ ምን ይጠየቃል?»

እማዬ ከሳህኗ ቀና አላለችም። ሐኪሟ ጻፈች።

ያኔ ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ በሞቴ! እናቴን መጦሪያ አታስገቡብኝ። አልዋሽም፣ ደክሞኛል። አንዳንዴም እጮኽባታለሁ። ግን ከሷ ሌላ ሰው የለኝም። ብትረሳም ትርሳ፣ እዚሁ ከኔ ጋር ትርሳ።»

ሐኪሟ የምትጽፍበትን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው።

«እንግዲህ ቤት ይቆያሉ ከተባለ፣ ኃላፊ የምትሆነው ትፈርም።»

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። እማዬ ያንን እጅ በግራ እጇ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም፤ በቀኟ እስክሪብቶውን አነሣች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ዘወር አድርጋ ፈረመች።

ከፊርማዋ ሥር «ከታማሚዋ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል፤ እማዬ «ልጅ» ብላ ጻፈች።