በሩ ያላወቀው አከራይ

ይህ ወሬ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። በሮች ሰውን በጣቱ ቀለበት ብቻ በሚያውቁበት በዚህ ዘመን፣ አከራያችን አቶ ደምስ የእናቴን ቀለበት ከበሩ ላይ ሰረዘው። እናቴ ደጅ ቆማ፣ የጣደችው ሽሮ ውስጥ ሲያር አሸተተች። እኔም ቂሜን ይዤ፣ በእጅ ምትሃት እንግዳ በማዝናናበት ሰርግ ቤት ጠበቅኩት።

«ጋሼ፣ ቀለበትዎን ላጥፋልዎት?»

«አንተ ቀጣፊ፣ እስቲ ሞክር!»

ቀለበቱን ተቀብዬ፣ ካስቀመጥኳቸው ሦስት የስልክ ከቨሮች ባንዱ ስር ደብቄ አቀያየርኳቸው። ሲገልጥ ያገኘው በስውር የተካሁትን የእናቴን ቀለበት ነው፤ የበር ቀለበት ሁሉ መልኩ አንድ ስለሆነ እየሳቀ አጠለቀው።

ቤቱ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። በሩ አልከፈት አለው፤ ዝናብም ወረደበት።

«የሺመቤት፣ ክፈቺ እንጂ፣ እኔ ነኝ!»

ሚስቱ በመስኮት አይታው፣ «በሩ ካላወቀህ እኔም አላውቅህም» አለችው።

እሺ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ፈጥሬያታለሁ። ያለችው፣ «በደንብ አውቅሃለሁ፤ ለዚህ ነው የማልከፍትልህ» ነው።