ሰባ ሦስተኛዋ ወኪል

ሜርቪን ሆሊክ ደራሲ ነው። ይህን የሰሙት ሚስቱና ሰባ ሁለት የደራሲያን ወኪሎች ናቸው፤ ወኪሎቹ ግን አልተስማሙም።

ወኪል የሌለው ደራሲ አሳታሚ ደጅ አይደርስም። ስለዚህ ሜርቪን ቀን ቀን በእንግሊዟ ስዊንደን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የመኪና ማቆሚያ ቅጣት አቤቱታ እየተቀበለ “አይቻልም” ሲል ይውልና፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ለወኪሎች ማመልከቻ ይጽፋል።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው። ሦስቱ አንቀጾች ስለ ሜርቪን ይተርካሉ። ስለ መጽሐፉ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ “ዓለም ያልተረዳት የአንዲት ታላቅ ነፍስ ታሪክ።” ምሽግ ውስጥ ስለተከበቡ ፈረሰኞች ስምንት መቶ ገጽ መጻፉን አይገልጽም። ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብሎ ይሰጋል፤ ማንም የማይፈልገውን ነገር ማን እንደሚሰርቀው እንጃ።

“ሰባ ሦስተኛዋ ደግሞ ማን ናት?” አለችው ሚስቱ ግሌኒስ።

“ፊሊፓ ስትራውድ። ለንደን ውስጥ እሷን የሚያህል የለም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አያነቡም እኮ! ፊደል የቆጠሩ መሀይሞች!”

“ምናልባት ትንሽ ብታሳጥረው…”

“አንቺ ደግሞ! ስለ ድርሰት ምን ታውቂያለሽና ነው?”

እሱ ተነስቶ ቴሌቪዥን ሲከፍት ግሌኒስ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጠች። ሁልጊዜም ተራዋ ከእሱ በኋላ ነው።

“ቁልፎቹን ቀስ ብለሽ ምቺ እንጂ፣ ዜና እየሰማሁ ነው!” ብሎ ጮኸባት።

በዚህኛው ማመልከቻ ላይ ሜርቪን አንድ መስመር ጨምሮ ነበር። “ሌላ ወኪል መጽሐፌን ልያዝልህ ብሎኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ።” ነጭ ውሸት ነው። የተኛ ወኪል የሚነቃው ሌላው ሊቀድመው ሲል ብቻ መሆኑን ያውቃል። ከተነቃበት ግን አለቀለት፤ ወኪሎች ምሳ እየበሉ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ያየ ሁሉ ደብዳቤውን ሳይከፍት ይጥለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል መልስ መጣ። “ሙሉውን ረቂቅ ዛሬውኑ ይላኩልኝ።”

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ረቂቅ ሞልቷል፤ “የመጨረሻው”፣ “የመጨረሻው መጨረሻ”፣ “እውነተኛው የመጨረሻ”። ከሁሉም በላይ የተቀመጠውን፣ ትናንት ማታ የተነካውን፣ ሳይከፍት ላከና አውቶቡሱን ሮጦ ያዘ።

በአምስተኛው ቀን ፊሊፓ ስትራውድ ለንደን ጠራችው። ባቡር ውስጥ ሙሉውን መንገድ ለሌለው ወኪል ስም ሲያወጣለት ሄደ። አንዱም ስም እውነት አልመስል አለው።

“ሌላው ወኪል ማን ነው?” አለች፣ ገና ከመቀመጡ።

“ስሙን… ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።”

ትክ ብላ አየችው። ሜርቪን ጉዱ የፈላ መሰለው።

“ግድ የለም” አለች በመጨረሻ። “ማንም ይሁን ማን፣ ለእሱ አሳልፌ አልሰጥም። በሁለት ቀን ጨረስኩት። እንዴት እንዳሳቀኝ ቢያውቁ!”

በስምንት መቶው ገጽ ውስጥ የሚያስቅ አንድም መስመር የለም። ሜርቪን ግን፣ እፎይ፣ ምፀቴ የገባት ሰው ተገኘች አለ በልቡ።

“ደግሞ የሴትን ልብ እንዲህ የሚያውቅ ወንድ አንብቤ አላውቅም።”

መጽሐፉ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ገጽ ዘጠኝ ላይ በተስቦ ሞታለች።

“ለሚያውቅበት ሰው ጥቂት ይበቃል” አለ ሜርቪን፣ እግሩን አነባብሮ። ሰባ ሁለቱ መሀይሞች ይህን ቢያዩ ብሎ ተመኘ።

ፊሊፓ የውክልና ውሉን ወደ እሱ ገፋችው። ሜርቪን ብዕሩን አወጣ።

“አንድ ነገር ብቻ ይስተካከልልኝ፣ ሚስተር ሆሊክ” አለች። “ያ ባልየው፣ ወኪሎች ሁሉ እምቢ ያሉት፣ ሚስቱ ከጀርባው ተቀምጣ ምን እንደምትጽፍ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቃት ሰውዬ፣ ትንሽ ተጋኗል፤ እንዲህ ያለ ደንቆሮ በእውነት አለ ብንል ማን ያምነናል?”