ለሁለት ሰው የሚሆን ማድረቂያ

ለሱቃቸው ማድረቂያ ሊገዙ ማሽን ሻጭ ግቢ የመጡት ሁለቱ ወንድማማቾች ከትልቁ አሮጌ ማድረቂያ የወጣውን ትኩስ ካናቴራ በሁለት ጫፍ ይዘው ባላቸው ጉልበት ተጓተቱ። ልብስ ላይ የሚያትም የሲልክ ስክሪን ሰው ማድረቂያ የሚፈትነው እንዲህ ነው፤ ቀለሙ በደንብ ከበሰለ ከጨርቁ ጋር ይለጠጣል፣ ካልበሰለ ይሰነጠቃል። ደረቱ ላይ የታተመው ክብ መሃሉ ደህና ሆኖ ግራ ጠርዙ ስንጥቅጥቅ አለ።

«ይኸውልህ!» አለ ታናሹ፣ ካናቴራውን ታላቁ ፊት ላይ ወርውሮ።

ታላቁ ጨርቁን ከፊቱ አንስቶ ጥርሱን ነከሰ። በሰው ፊት ሲያዋርዱት አይወድም። አሮጌ ማሽን መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአንድ ጎን ሙቀቱ ከደከመ ማሞቂያውን መቀየር ነው። ሌላ ምን ጎደለው? ቀበቶው ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም፤ አንዱ በዚህ በኩል ልብስ ሲያስገባ ሌላው በዚያ በኩል እየተቀበለ ያጥፋል፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይቋረጥም። ታናሹ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ከነላስቲኳ ከቆመችው ትንሽ ማሽን ዓይኑን አልነቀለም። አዲስ አያስቸግርም፣ አዲስ መብራት አይበላም፣ አዲስ ዋስትና አለው። አዲስ፣ አዲስ፣ አዲስ፤ የታላቁ ጆሮ ደነቆረ። በእጅ ማሞቂያ ያደረቁት ትእዛዝ አንድ እጥበት እንኳ ሳይችል ተላልጦ ሲመለስ፣ ደንበኛው ፊት ቆሞ ስድቡን የጠጣው ማን ሆነና ነው?

ሻጩ ለገዢ ሁሉ አይዞህ ስለሚል ቅጽል ስሙ «አይዞህ» ነው። ጠቡን አበርዳለሁ ብሎ ጭራሽ አቀጣጠለው።

«እሱም ወዶ አይደለም ትንሿን የሚለው» አለ እየሳቀ። «የተከራየው ክፍል ጠባብ ሆኖበት ነው። ባለፈው ልኩን ይዞ ሲመጣ፣ አይዞህ፣ ይቺ ለብቻው ለሚሠራ ሰው አንደኛ ናት አልኩት።»

የምን ክፍል? የእነሱ ሱቅ እንኳን አንድ ማሽን ሁለትም ያስገባል። ታላቁ ወደ ወንድሙ ዞረ። ታናሹ መሬት መሬቱን ያያል። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል ይባል የለ? ይኸው ገፋ።

«ለብቻህ ልትሠራ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁህ።»

ይቺን ቃል ባይተነፍሳት ኖሮ ምናልባት በስድብ ያልፍ ነበር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ ያሳደገው፣ ጎማ ይዞ ቀለሙን በወንፊቱ ወደ ጨርቁ መሳብ ያስተማረው እሱ እንደ አውሬ ይፈራል? ታላቁ እሳት ጎረሰ። በቴስታ አፍንጫውን ሲለው ታናሹ በጀርባው ማሽኑ ላይ ተጋጨ፤ ደሙ አገጩን አልፎ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

ታናሹም ዝም ብሎ የሚመታ ልጅ አይደለም። በጉልበቱ ሆዱን ብሎ አጎበጠውና ጆሮ ግንዱን በቡጢ ደገመው። ታላቁ ጆሮው ጭው እያለ የወንድሙን ጉሮሮ አነቀ። ሻጩ ገላጋይ ያለህ እያለ የማሽኑን ሶኬት ፍለጋ ከኋላ ይርመጠመጣል። ቀበቶው ግን እየዞረ ነው፤ ከማሽኑ አፍ የሚወጣው ትኩሳት ፊት ይለበልባል።

ታላቁ የወንድሙን ቀኝ እጅ ጨበጠ። ቀለም የሚስብበትን እጅ። ሳያስበው ነው ያደረገው የሚል ቢኖር ውሸት ነው። ጠምዝዞ ማሽኑ አፍ ውስጥ ከተተውና ወደ ላይ፣ ወደ ጋለው ብረት ገፋው። ታናሹ ጮኸ። ታላቁ መልቀቅ ይችል ነበር፤ አለቀቀም። ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ነው የለቀቀው።

ታናሹ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ግቢው ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሮጠ። በግራ እጁ ሊከፍተው ታገለ፤ የዛገ ነውና እምቢ አለው። ታላቁ እያለከለከ ተከተለው። የወንድሙ እጅ ጀርባ ቆዳ ተሸብሽቦ ተነሥቷል። በዚህ እጅ ጎማ አይስብም፤ ለብዙ ጊዜ፣ ምናልባትም ለሁልጊዜው። የተከራየው ክፍል ባዶውን ይቀራል፤ ከሱቁም የትም አይሄድም። ይህን ሲያስብ ታላቁን ቀለል አለው። ቀለል እንዳለው ሲያውቅ ደግሞ ዓይኑን ከተቃጠለው እጅ ላይ ነቀለ።

«ትልቁን ግዛ፣ ጋሼ» አለ ታናሹ ፊቱን ሳያዞር።

ታላቁ ቧንቧውን ሊከፍትለት እጁን ሰደደ። ታናሹ በግራ ክንዱ ፊቱን ከለለ።