አሥራ አንድ ሣህሉ

«የለም አልኩሽ እኮ!» ይለኛል ጣቢያው ላይ መዝገብ የያዘው አሥር አለቃ። «ሣህሉ ወልደ ማርያም የሚባል ወታደር ባቡሩ ላይ የለም።»

እንዴት አይኖርም? ደብዳቤው ይኸው፣ እጄ ላይ በላብ ርሷል። «ቅዳሜ በድሬዳዋ እናልፋለን። የምንቆመው ባቡሩ ውሃ እስኪቀዳ ነው። መውረድ አይፈቀድልንም። ወደ ኮሪያ ጦርነት እየሄድን ነውና ነይ። ወንድምሽ ሣህሉ።» በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ጠፍቶ ይቺን ብቻ!

መልኩን አላውቀውም። በጣሊያን ጊዜ እናትና አባታችንን ወባ ሲጨርስብን እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ዘጠኝ። እሱን አንድ ቄስ ወደ ደጋ ይዘውት ሄዱ፣ እኔን ጎረቤታችን ሀዎ ወሰደችኝ። ሶማሌ ናት፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የግመል ወተት ትሸጣለች። ሆዮ ነው የምላት፣ እማዬ ማለት ነው። አሁንም ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች።

«አቦ፣ ደግመህ እየው!» ትለዋለች።

«እትዬ፣ አሥራ አንድ ሣህሉ አለኝ። አንዱም የወልደ ማርያም ልጅ አይደለም። የቱን ላውጣላችሁ?»

ሆዮ ዞር ብላ ታየኛለች። «አንቺስ ትምህርት ቤት ማን ተብለሽ ነው የተጻፍሽው?»

«ሰርካዲስ ዱዓሌ።»

ዱዓሌ የሆዮ ባል ነው። ሣህሉም በቄሱ ስም ተጽፏላ! የቄሱን ስም ደግሞ እኔም አላውቅ፣ ሆዮም አታውቅ።

ባቡሩ ያፏጫል።

ክንዴን መንጭቄ እሮጣለሁ። ነጠላዬ ይወድቃል፣ አላነሳውም። «ሣህሉ! ሣህሉ!» እያልኩ በየመስኮቱ ሥር አልፋለሁ። ወይ ጉድ፣ ባቡሩ ሙሉ ሣህሉ!

«አቤት የኔ ቆንጆ!»

«እሱን ተይው፣ ሣህሉ እኔ ነኝ!»

«እኔ አጥናፉ ነኝ፣ ላንቺ ግን ሣህሉ እሆናለሁ!»

ይሳሳቃሉ። ሁሉም ራሱን የተላጨ፣ ሁሉም ባንድ ልብስ። እሱ የቱ ነው? እዚሁ ፊቴ ሆኖ ሳላውቀው ቢያልፍስ? ኮሪያ እንኳን የት እንደሆነች አስተማሪያችንም በቅጡ አያውቁም። ከዚያ ማን ይመለሳል?

የባቡሩ መንኮራኩር ይንቀሳቀሳል። ምን ብዬ ልጥራው? አባቱን ቀይረውበታል። እናቱን ግን ማን ይቀይርበታል? እሷን መዝገብ ላይ የጻፋት የለም።

«የማዘንጊያ ልጅ!» እጮኻለሁ። «የማዘንጊያ ልጅ ሣህሉ!»

ወታደሮቹ ባንዴ ያውካካሉ። «በእናቱ የሚጠራው ጀግና ማነው? ውጣ እንጂ፣ የእማማ ልጅ!»

ሦስተኛው ፉርጎ ላይ አንዱ አይስቅም። ሰዎቹን በክርኑ እየገፋ ወደ መስኮቱ ይመጣል። ቀጭን ነው፣ ጺሙ ገና አልጠነከረም።

«ሰርክዬ?»

አሥራ ሦስት ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እጁን ይሰድልኛል፣ እይዘዋለሁ፣ ከጎኑ እሮጣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ወሬ ነበረኝ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሆዮ፣ ሁሉንም ልነግረው።

«ትመለሳለህ አይደል?» ብቻ እላለሁ።

ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨብጧል። ድንጋይ የተነጠፈበት የጣቢያው መሬት እያለቀ ነው፣ ከኋላዬ ሆዮ «ልቀቂው፣ ትወድቂያለሽ!» እያለች ትጮኻለች። እኔማ ለቅቄዋለሁ። እሱ ነው ያልለቀቀኝ።

«አይዞሽ» ይለኛል። በዚያ በሚያዝያ ሙቀት፣ ላቡ ባገጩ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሱ በፍርሃት ይንገጫገጫል።